ደኑ አረንጓዴ ነው፤ ታዲያ ድርቁ ምኑን ጎዳው?

አንድ አንባቢ የላኩልኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በአማዞን ስለደረሱት ድርቆች ሳነብ ግራ ገባኝ። በሳተላይት ሲታይ ደኑ አረንጓዴ ነው። ተመራማሪዎችም በድርቁ ወቅት ዛፎቹ ማደጋቸውን እንዳላቆሙ ጽፈዋል። ድርቁ ካለፈ በኋላ ግን ዛፎች ይሞታሉ። ለመሆኑ የሐሩር ደን በድርቅ ጊዜ ኃይሉን ምን ላይ ነው የሚያውለው? ዝናቡ ሲመለስስ ወደ ቀድሞው ይመለሳል ወይ?»

ግራ ቢጋቡ አይፈረድብዎትም። ያነበቧቸው ነገሮች እርስ በርስ የሚጣሉ ይመስላሉ፤ ግን አይጣሉም። ለማስታረቅ ደኑ ኃይሉን ከየት አግኝቶ የት እንደሚያደርሰው መከተል ነው። ለጊዜው ባጭሩ ልመልስ። ድርቅ ሲመጣ የዛፉ የኃይል ገቢ ይቀንሳል። ዛፉ ግን በመጀመሪያ የሚቀንሰው እድገቱን ሳይሆን ራሱን የሚጠግንበትን ወጪ ነው። እድገት በሜትር ይለካል። ቅጠልም ከሰማይ ይታያል። ጥገና ግን ለዓይን አይታይም። ጉዳቱ ዘግይቶ ብቅ የሚለው አንድም በዚህ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከፀሐይ እንጀምር።

ደኑ ላይ ከሚያርፈው የፀሐይ ኃይል ውስጥ ዛፎቹ በፎቶሲንተሲስ ወደ ስኳር የሚቀይሩት 2 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል። ቀሪው የት ሄደ? የተወሰነው ተንፀባርቆ ይመለሳል፤ የተወሰነው እንደ ሙቀት ጨረር ይወጣል። ደኑ ይዞ ከሚያስቀረው ውስጥ ደግሞ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ውሃ ማትነን ነው። አንድ ሊትር ውሃ ለማትነን ወደ 2.4 ሜጋጁል ኃይል ያስፈልጋል። እርጥብ የአማዞን ደን በአንድ ቀን ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር እስከ 4 ሊትር ውሃ ወደ አየር ይለቃል። በሄክታር ሲባዛ 40 ሺህ ሊትር ይሆናል። ይህን ውሃ ለማትነን የሚወጣው ኃይል 27 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ከአንድ ሄክታር፣ በአንድ ቀን! ይህ ሁሉ ኃይል አየሩን ሳያሞቀው ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ላይ ይሄዳል። እኩለ ቀን ላይ ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ሲገቡ የሚሰማዎት ቅዝቃዜ የጥላ ብቻ አይደለም፤ ይህም አለበት።

አፈሩ ሲደርቅ ቅጠሉ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ ማለትም ስቶማታ፣ መዘጋት ይጀምራሉ። ዛፉ ውሃ እንዳያልቅበት ነው። ፀሐይዋ ግን አልቀነሰችም። እንዲያውም ደመና ስለሌለ ትበረታለች። ታዲያ በትነት ይወጣ የነበረው ኃይል መውጫ ሲያጣ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ቅጠሉ ይሞቃል፤ በዙሪያው ያለው አየርም ይሞቃል። የሞቀና የደረቀ አየር ደግሞ ከቅጠሉ የበለጠ ውሃ ይስባል። ነገሩ እየተባባሰ የሚሄደው እንዲህ ነው።

ይህ ሙቀት ገደብ አለው። በ2023 የወጣ አንድ ጥናት ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ በተገጠመ መሣሪያ የሐሩር ደኖችን የቅጠል ሙቀት ለካ። የሐሩር ዛፎች የፎቶሲንተሲስ ሥርዓት በአማካይ 46.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ መበላሸት ይጀምራል። በአሁኑ ወቅት ይህን ገደብ የሚያልፉት ከላይኛዎቹ ቅጠሎች 0.01 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ነገር ግን ያው ጥናት አፈሩ ሲደርቅ ሙቀቱ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ስለዚህ ድርቅና ሙቀትን ለየብቻ ማየት አይቻልም። ቅጠል ላይ ሲደርሱ አንድ ነገር ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። ዝናብ ባቆመ ማግስት ይህ ሁሉ ይሆናል ማለት አይደለም። የሐሩር ደን በየዓመቱ የሚመጣውን በጋ ለምዶታል። ዳንኤል ኔፕስታድና ባልደረቦቹ በ1994 ባሳተሙት ጥናት በምሥራቅ አማዞን የዛፍ ሥሮች ከ8 ሜትር በላይ ጠልቀው ውሃ እንደሚስቡ አሳይተዋል። በዚህ ምክንያት በአንዳንድ ቦታ፣ ለምሳሌ በብራዚሉ የታፓዦስ ደን፣ በበጋ የሚተነው ውሃ በዝናብ ወቅት ከሚተነው አያንስም፤ አንዳንዴም ይበልጣል። ፀሐዩ አለ፣ ውሃውም ከታች አለ፤ ዛፉ ለምን ሥራ ይፈታል? ድርቅ የምንለው ይህ ጥልቅ ውሃ በክረምቱ በበቂ ሁኔታ ሳይተካ ሲቀር ነው። የተለመደ በጋና ድርቅ በስም ይቀራረባሉ እንጂ ለዛፉ አንድ አይደሉም። በየዜናው የማየው አንዱ ስህተት ሁለቱን ማደባለቅ ነው።

አሁን ወደ አረንጓዴው እንምጣ። የ2005ቱ ድርቅ አማዞንን ክፉኛ መታ። በ2007 ደግሞ በድርቁ ወቅት ደኑ ይበልጥ አረንጓዴ ሆኖ በሳተላይት ታየ የሚል ጥናት ወጣ። ነገሩ ብዙ አነጋገረ። በ2010 ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ የሳተላይት መረጃ በጭስና በደመና ከተበከለው አጥርተው ሲያዩት ያ አረንጓዴነት ሊደገምላቸው አልቻለም። በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በበጋ ከሚታየው የአረንጓዴነት ጭማሪ ውስጥ ብዙው የፀሐይዋና የሳተላይቱ አንግል ሲቀያየር የሚፈጠር እንደሆነ አመለከተ። ይህ ማለት ግን በበጋ ምንም አዲስ ቅጠል አይወጣም ማለት አይደለም። ይወጣል። ማማ ላይ የተሰቀሉ ካሜራዎች ዛፎቹ በበጋ ያረጀ ቅጠላቸውን አራግፈው አዲስ ሲያወጡ በየቀኑ ቀርፀዋል።

ዋናው ጉዳይ ወዲህ ነው። አረንጓዴነት ቅጠል መኖሩን ይነግርዎታል። ቅጠሉ ቀዳዳውን ከፍቶ እየሠራ መሆኑን ግን አይነግርዎትም። ቀዳዳዎቹን ግጥም አድርጎ የዘጋ ቅጠልም አረንጓዴ ነው።

ስለዚህ መሬት ላይ ወርዶ መለካት ግድ ነው። ይህ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ብዙ ሰው ስለማያውቅ ትንሽ ልቆይበት። አንድ ሄክታር ደን ይመረጣል። እያንዳንዱ ትልቅ ዛፍ ቁጥር ይሰጠዋል። ግንዱ ዙሪያ ከእድገቱ ጋር የሚሰፋ የብረት ቀበቶ ይታሰርለታል። ቀበቶው በስንት ሚሊሜትር እንደሰፋ በየጊዜው ይነበባል። የረገፈውን ቅጠል ለመሰብሰብ መረብ ይወጠራል፤ የተሰበሰበው ደርቆ ይመዘናል። ጥቃቅን ሥሮችን ለመለካት ሥር የሌለበት አፈር በወንፊት ከረጢት ተደርጎ ይቀበራል፤ ከሦስት ወር በኋላ ይወጣና በውስጡ የበቀለው ሥር ተለቅሞ ይመዘናል። ከሁሉም አድካሚው ትንፈሳን መለካት ነው። ግንዱ ላይ ቀለበት ይለጠፋል። ቀለበቱ ላይ አየር የማያስገባ ትንሽ ክዳን ይገጠማል። ከዚያ ጋዝ መለኪያው ውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደቂቃዎች ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚጨምር ይመዘግባል። ያ ጭማሪ የዛፉ የኃይል ወጪ ነው። የግንዱ ሕያው ሕዋሳት ስኳር አቃጥለው ለሥራቸው የሚሆን ኃይል ሲያወጡ የሚለቁት ጋዝ ነው።

ሁሉም ሲደመር የዛፉ ገቢና ወጪ ይታወቃል። ገቢው በፎቶሲንተሲስ የተሠራው ስኳር ነው። በጎለመሰ የሐሩር ደን ከዚህ ገቢ ውስጥ ከግማሽ በላይ፣ በብዙ ቦታ ደግሞ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው፣ በራሱ በዛፉ ትንፈሳ ያልቃል። የቀረው ለቅጠል፣ ለግንድና ለሥር ይከፋፈላል። በዓመቱ መጨረሻ ግንዱ ላይ ተጨምሮ የምናየው እንጨት ከጠቅላላው ገቢ ከአስር እጅ አንድ እጅ ወይም ትንሽ ቢበልጥ ነው። ይህን ልብ ይበሉልኝ። እድገትን ብቻ የሚለካ ሰው ከዛፉ በጀት የሚያየው በጣም ትንሹን ክፍል ነው።

በ2010 አማዞን እንደገና በድርቅ ሲመታ እንዲህ ዓይነት መለኪያ ቦታዎች ዝግጁ ነበሩ። ክሪስቶፈር ዶውቲ፣ ያድቪንደር ማልሂና ብዙ የደቡብ አሜሪካ ባልደረቦቻቸው ፔሩን፣ ቦሊቪያንና ብራዚልን ጨምሮ በ13 ባለ አንድ ሄክታር ቦታዎች የለኩትን በ2015 አሳተሙ። እርስዎም ያነበቡት ምናልባት ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም። ውጤቱ ይህ ነው፦ ድርቁ በበረታባቸው ቦታዎች ፎቶሲንተሲስ ቀነሰ። በመላው አማዞን ሲሰላ የዚያ ዓመት ቅናሽ 380 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ያህል ሆነ። ጠቅላላ እድገት ግን፣ ቅጠል፣ ግንድና ሥር ተደምሮ፣ አልተነካም።

ገቢ ቀንሶ እድገት ካልቀነሰ ሌላ ነገር መቀነስ አለበት። የቀነሰው ትንፈሳ ነው። በተለይ በድርቁ ማብቂያ ላይ የግንድና የሥር ትንፈሳ በግልጽ ወረደ። ይህ ከእድገት ጋር ያልተያያዘው ትንፈሳ ነው። ያረጀ ፕሮቲን የሚታደስበት፣ የሕዋስ ሽፋን የሚጠገንበት፣ ነፍሳትንና ፈንገስን የሚከላከሉ ኬሚካሎች የሚዘጋጁበት ወጪ ነው። ገቢው የቀነሰበት ቤተሰብ የልጆቹን ትምህርት ላለማቋረጥ ብሎ የጣሪያውን ጥገና እንደሚያዘገየው ማለት ነው።

ዛፉ ለምን እንዲህ ያደርጋል? መልሱ ጎረቤቱ ነው። በሐሩር ደን ውስጥ ሁሉም ነገር የብርሃን ሽሚያ ነው። አንድ ዓመት ማደግ ያቆመ ዛፍ በጎረቤቶቹ ይዋጣል። ከተዋጠ ደግሞ ብርሃን ያጣል፤ ብርሃን ካጣ ገቢው ለዘለቄታው ይቀንሳል። ጥገና ግን ለተወሰነ ጊዜ ሊዘገይ ይችላል። ቅርፊቱን የሚበሳ ጥንዚዛ በዚያው ዓመት ካልመጣ ዛፉ ከአደጋው አመለጠ ማለት ነው። ብዙዎቹ ያመልጣሉም። ሁሉም ግን አያመልጡም። በእነዚሁ ቦታዎች ከድርቁ በኋላ የዛፎች ሞት ጨምሯል። ተመራማሪዎቹም የጥገናና የመከላከያ ወጪ መቀነሱ ለዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል።

ሐሳብ ነው ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ዛፍ በድርቅ የሚሞተው ኃይል አልቆበት ነው ወይስ ውሃ መሳቢያው ተበላሽቶ? ይህ ጥያቄ በዘርፉ ለዓመታት ያከራከረ ነው። ለእኔ ሚዛን የደፋው ማስረጃ ከካሺዋና የመጣው ነው።

ካሺዋና በብራዚል ፓራ ግዛት የሚገኝ ጥብቅ ደን ነው። እዚያ በ2002 አንድ ሙከራ ተጀመረ። በአንድ ሄክታር ደን ውስጥ፣ ከመሬት ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ፣ በእንጨት ፍሬም የተያዘ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ተዘረጋ። በቅጠሎቹ መሃል አልፎ የሚወርደው ዝናብ ፕላስቲኩ ላይ ያርፋል። ከዚያ በአሸንዳ ተሰብስቦ ከቦታው ውጭ ይፈሳል። በዚህ መንገድ ግማሽ ያህሉ ዝናብ አፈሩን ሳይነካ ይሄዳል። ሥሮች ከውጭ ውሃ እንዳይስቡ ዙሪያው ተቆፍሯል። ፕላስቲኩ ላይ የሚረግፈው ቅጠል ደግሞ እየተሰበሰበ ወደ አፈሩ ይመለሳል፤ አለዚያ አፈሩ ውሃ ብቻ ሳይሆን ምግብም ያጣ ነበር። አጠገቡ ፕላስቲክ ያልተዘረጋበት ሌላ ሄክታር ለማነፃፀሪያ ተቀምጧል። ይህ ሁሉ ሥራ እየበሰበሰ በሚሄድ እንጨትና በሚቀደድ ፕላስቲክ፣ በእርጥብ ደን ውስጥ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ያለማቋረጥ ተሠርቷል። ለእነዚያ ቴክኒሻኖች ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። እነሱ ባይኖሩ ስለዚህ ጉዳይ የምናውቀው በጣም ጥቂት ይሆን ነበር።

ከአስር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የዛፎች ሞት በጣም ጨመረ። የሞቱት በብዛት ትልልቆቹ ናቸው። ሉሲ ሮውላንድ፣ ፓትሪክ ሜርና ባልደረቦቻቸው በእነዚህ ዛፎች ውስጥ የተጠራቀመውን ስኳርና ስታርች ለኩ። ዛፎቹ በረሃብ የሚሞቱ ከሆነ ጎተራው ባዶ መሆን ነበረበት። አልሆነም። ዝናብ በተከለከሉትና ባልተከለከሉት ዛፎች መካከል በክምችቱ መጠን ልዩነት አልተገኘም። የግንድ እድገትም፣ በሕይወት ያሉትም ሆኑ ወደ ሞት የሚሄዱት ዛፎች ላይ፣ አልቀነሰም። ልዩነቱ የታየው ውሃ በሚያመላልሱት የእንጨቱ ቧንቧዎች ላይ ነው።

እንዴት መሰለዎት? ውሃ ወደ ቅጠል የሚወጣው ተስቦ ነው እንጂ ከታች ተገፍቶ አይደለም። ቅጠሉ ውሃ ሲያተን በቧንቧው ውስጥ ያለው የውሃ ዓምድ ወደ ላይ ይወጠራል። አፈሩ በደረቀ ቁጥር ውጥረቱ ይበረታል። ከተወሰነ ገደብ ሲያልፍ አየር ይገባና ዓምዱ ይበጠሳል። ያ ቧንቧ ከዚያ በኋላ ውሃ አያሳልፍም። ጥቂት ቧንቧዎች ቢበላሹ ችግር የለውም። ብዙዎቹ ሲበላሹ ግን የላይኛው ቅጠል ውሃ አጥቶ ይደርቃል። ትልልቅ ዛፎች የበለጠ የሚጎዱት ውሃውን ረጅም መንገድ ስለሚስቡና አናታቸው ለፀሐይና ለደረቅ አየር የተጋለጠ ስለሆነ ነው። ባጭሩ፣ ዛፉን የገደለው ጥማት ነው እንጂ ረሃብ አይደለም። ቅድም በይደር ያቆየሁት ሌላው የመዘግየቱ ምክንያትም ይኸው ነው። ቧንቧው የሚበላሸው ጥቂት በጥቂት ነው፤ እስከዚያው ዛፉ ቅጠሉን ይዞ፣ እድገቱንም ሳያቋርጥ ይቆያል።

ታዲያ የኃይሉ ታሪክ ተረሳ ማለት ነው? አይደለም። ሁለቱ በተለያየ የጊዜ ርዝመት የሚታዩ ናቸው። የ2010ሩን ድርቅ በመሬት ላይ የለካው የእነ ዶውቲ ጥናት የሚነግረን በጥቂት ወራት ድርቅ ውስጥ ዛፉ በጀቱን እንዴት እንደሚያሸጋሽግ ነው። ካሺዋና የሚነግረን ድርቁ ሳይቋረጥ ለዓመታት ሲቆይ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ነው። እንዲያውም በካሺዋና የቅጠሎች ትንፈሳ ጨምሮ እንጂ ቀንሶ አልተገኘም። በውጥረት ውስጥ ያለ ቅጠል ራሱን ለማቆየት የበለጠ ኃይል ያቃጥላል። ስለዚህ «በድርቅ ጊዜ ትንፈሳ ይቀንሳል» ወይም «ይጨምራል» ብሎ በደፈናው የሚጽፍ ካጋጠመዎት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የየትኛው ክፍል ትንፈሳ? ድርቁስ ስንት ጊዜ ቆየ?

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ዛፍ ብቻ ነው። ደን ግን ዛፍ ብቻ አይደለም። ዛፉ ከሠራው ስኳር የተረፈው ቅጠል፣ ፍሬና እንጨት ሆኖ ሌሎችን ይመግባል። እዚህ ላይ ለእኔ ከሁሉም አስደናቂው የምስጥ ጉዳይ ነው። በማሌዥያ ሳባህ ግዛት፣ ማሊያው በሚባል ተፋሰስ ውስጥ፣ ተመራማሪዎች ከአንዳንድ ቦታዎች ምስጥን ቀነሱ። ኩይሳዎቹን አነሱ፤ መርዝ ያለበት ማጥመጃም አኖሩ። ሌሎቹን ቦታዎች እንዳሉ ተዉአቸው። በ2015 እና 2016 ኃይለኛው የኤልኒኖ ድርቅ መጣ። ምስጥ ባልተነካባቸው ቦታዎች የምስጡ ብዛት በድርቁ ወቅት ከእጥፍ በላይ ሆነ። የረገፈው ቅጠል በፍጥነት በሰበሰ፤ አፈሩም የበለጠ እርጥበት ያዘ። የተተከሉ ችግኞችም ምስጥ ከቀነሰባቸው ቦታዎች ይልቅ በብዛት ተረፉ።

ምክንያቱን እንየው። ቅጠልን የሚያበሰብሱት ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች እርጥበት ይፈልጋሉ። ሲደርቅ ሥራቸውን ያቀዘቅዛሉ። ያኔ በረገፈው ቅጠል ውስጥ ያለው ኃይልና ምግብ እዚያው ተቆልፎ ይቀራል። ምስጥ ግን መኖሪያውን ከጥልቅ አፈር በሚያመጣው ውሃ ያረጥባል፤ መንገዱንም በእርጥብ ጭቃ ሸፍኖ ይሄዳል። ስለዚህ ሌሎቹ ሥራ ሲያቆሙ እሱ ይቀጥላል። ጤናማ ደን ድርቅን የሚቋቋመው በዛፎቹ ጥንካሬ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም። በተራቆተ ደን ውስጥ ምስጥ ሲቀንስ ይህ መከላከያም አብሮ ይቀንሳል።

ስለ ፍሬም አንድ ነገር ልበል። በጋቦን ሎፔ ብሔራዊ ፓርክ ከ1986 ጀምሮ የዛፎች ፍሬ በየወሩ ሲመዘገብ ቆይቷል። እስከ 2018 ባለው ጊዜ ውስጥ የበሰለ ፍሬ የማግኘት ዕድል በ81 በመቶ ወርዷል። ፍሬ የሚበሉት የደን ዝሆኖች የሰውነት ሁኔታም ከ2008 ወዲህ በ11 በመቶ ቀንሷል። ይህ የአንድ ድርቅ ውጤት አይደለም። ደኑ በእነዚያ ዓመታት ሞቋል፤ ዝናቡም ቀንሷል። ያነሳሁት ዛፉ ቆሞ፣ ቅጠሉም አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ለእንስሳት የሚደርሰው ኃይል ሊቀንስ እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው።

የደረቀ ደን ለእሳት የሚጋለጥ መሆኑን ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። እርጥብ ደን በተፈጥሮው አይቃጠልም ማለት ይቻላል። በ2015 እና 2016 ድርቅ ጊዜ ግን በታችኛው ታፓዦስ አካባቢ ድርቁና እሳቱ ተዳምረው ወደ 2.5 ቢሊዮን የሚጠጉ ዛፎችንና ቀጫጭን ግንዶችን ገድለዋል። ለአሥርና ለመቶ ዓመታት በእንጨት የተጠራቀመ ኃይል ከፊሉ በቀናት ውስጥ ጭስ ሆኖ ሄደ። ቀሪው ደግሞ እየበሰበሰ ለዓመታት ይለቀቃል።

ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ልምጣ። ዝናቡ ሲመለስ ደኑስ ይመለሳል ወይ?

ፎቶሲንተሲስ ይመለሳል። ቅጠሉ ቀዳዳውን ይከፍታል፤ ትነቱም ይቀጥላል። ግን ወጪው ወዲያው እንደነበረ አይሆንም። በእነ ዶውቲ ጥናት ከ2010ሩ ድርቅ ማግስት ባለው ዓመት ዛፎቹ ለአዲስ ቅጠል የሚያወጡትን ኃይል ጨምረው ለጥቃቅን ሥሮች የሚያወጡትን ቀንሰዋል። ቅጠሉን መልሶ ማልበስ የብርሃን ሽሚያው ግዴታ ነው። ነገር ግን ጥቃቅን ሥር የቀነሰበት ዛፍ ቀጣዩ ድርቅ ቶሎ ከመጣበት ይበልጥ ተጋላጭ ይሆናል። ስለ 2005ቱ ድርቅ ደግሞ በሳተላይት ራዳር የተደረገ ጥናት በደቡብ ምዕራብ አማዞን የደረሰው የዛፍ አናት ጉዳት ቀጣዩ የ2010ሩ ድርቅ እስኪመጣ ድረስ ሙሉ በሙሉ እንዳላገገመ አሳይቷል። ሁለቱን ጥናቶች አንድ ላይ ሳያቸው የሚያሳስበኝ የአንድ ድርቅ ክብደት ሳይሆን የድርቆቹ መቀራረብ ነው። 2005፣ 2010፣ 2015 እና 2016፣ ከዚያ 2023 እና 2024። በአማዞን መሃል ባለችው የማናውስ ከተማ የሪዮ ኔግሮ ወንዝ ከፍታ ከ1902 ጀምሮ ይመዘገባል። በ2023 ዝቅተኛው ተመዘገበ፤ በ2024 ደግሞ ከዚያም በታች ወረደ።

ሁሉም ደን አንድ ዓይነት አይደለም። የአፍሪካ ደኖች ከአማዞን ይልቅ በደረቅ አየር ንብረት የሚኖሩ ናቸው። በ2015 እና 2016 ኤልኒኖ ጊዜ በስድስት የአፍሪካ አገሮች በ100 መለኪያ ቦታዎች የታየው፣ ደኖቹ መጠኑ ቢቀንስም ካርቦን ማጠራቀማቸውን እንደቀጠሉ ነው።

ካሺዋናም በመጨረሻ ያልተጠበቀ ነገር አሳይቷል። የ22 ዓመት ውጤቱ በ2025 ታትሟል። በመጀመሪያዎቹ 15 ዓመታት ያ ሄክታር ከእንጨት ክምችቱ ከሲሶ በላይ አጣ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሰባት ዓመታት ግን ሞቱ ረግቷል። የዛፎቹ ቁጥር ስለቀነሰ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ውሃ ጨመረ። በሕይወት የቀሩት ዛፎች ሲለኩ፣ ዝናቡ አሁንም በግማሽ እየተከለከለ፣ የውሃ ውጥረታቸው ዝናብ ካልተከለከሉት ጎረቤቶቻቸው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ከካሺዋና ተነስቼ የምሰጥዎት መልስ ይህ ነው፦ ድርቁ ዘላቂ ቢሆን እንኳ ደኑ ደን ሆኖ ሊቀጥል ይችላል። ግን ትልልቆቹን ዛፎች በብዛት ያጣ፣ ቀድሞ ከያዘው ካርቦን ሲሶውን የለቀቀ ደን ነው የሚሆነው። እሱም ቢሆን እሳት ካልገባበትና መጥረቢያ ካልደረሰበት ነው፤ ያ ሄክታር ከሁለቱም የተጠበቀ ነበር።